ሞተር ጠፍቶ ማረሻው ከወረደ ፓምፑን ለመክሰስ አይቸኩሉ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው አርሲ ውስጥ ስንዴ ያመርታሉ። 80 ፈረስ ጉልበት ያለው ትራክተር አላቸው። የራሳቸውን ማሳ ሲጨርሱ ለጎረቤት ያከራዩታል። እንዲህ ብለው ጽፈውልኛል፦ «ጠዋት ባለ 3 ዲስክ ማረሻዬን ያለ ችግር ያነሳል። ከረፋዱ 5 ሰዓት በኋላ ዘይቱ ሲሞቅ ይንቀራፈፋል፤ ቢሆንም እስከ ላይ ይደርሳል። አንስቼ ሞተር ሳጠፋ ደግሞ ማረሻው ቀስ እያለ ወርዶ 10 ደቂቃ ሳይሞላ መሬት ይነካል። መሪው ደህና ነው። ባለፈው ዓመት ዘይት ሲጎድል ሾፌሩ የሞተር ዘይት ጨምሮበታል። የሻጩ ድርጅት ቴክኒሻን መጥቶ ዘይቱን አየ፣ እጀታውን ከፍ ዝቅ አደረገ፣ ከዚያ ፓምፑ አልቋል፣ ይቀየር አለ። ዋጋው የአንድ ወቅት የኪራይ ገቢዬን ይበላል። ዋስትናውም አልፏል። ልመነው ወይስ ልጠይቀው?»

ይጠይቁት። ፓምፑ ሊሆን ይችላል፤ እሱን አልክድም። ነገር ግን ከጻፉልኝ ምልክቶች ትልቁን፣ ማለትም ሞተር ጠፍቶ መውረዱን፣ በአብዛኞቹ ትራክተሮች ላይ ፓምፕ አያመጣውም። ቴክኒሻኑ ግፊት አልለካም። የዘይቱን ፍሰት አልለካም። ዘይቱ ምን ያህል ሞቆ እንደነበርም አላየም። ሳይለኩ የሚሰጥ ፍርድ ግምት ነው። ግምቱ ከተሳካ ጥሩ፤ ካልተሳካ ኪሳራው የእርስዎ ነው። ስለዚህ አሁን አይክፈሉ። ከምነግርዎት ነገሮች ብዙዎቹን እዚያው ማሳዎ ላይ ማየት ይችላሉ፤ ወጪያቸውም ከፓምፑ ጋር አይወዳደርም።

ነገሩን ለመከተል አንድ መሠረታዊ ነገር ልንገርዎት። ማረሻውን የሚያነሳው ሃይድሮሊክ፣ ማለትም በዘይት ግፊት የሚሠራ ማንሻ ነው። የፓምፕ ሥራ ዘይት መግፋት ነው፤ ሲሊንደሩ ደግሞ በዚያ ዘይት ተገፍቶ ማረሻው የተንጠለጠለባቸውን ክንዶች ያነሳል። ግፊት የሚፈጠረው የተገፋው ዘይት ሸክም ሲገጥመው ነው። ክንዶቹ ባዶአቸውን ሲነሱ ጌጁ (የግፊት መለኪያው) ላይ የሚታየው ቁጥር ትንሽ ነው። ማረሻው ሲንጠለጠልባቸው ያው ፓምፕና ያው ዘይት ከፍ ያለ ቁጥር ያሳያሉ። በቤላሩስ ትራክተሮች ላይ የሚታወቀውን ፓምፕ ለምሳሌ እንውሰድ። በአንድ ዙር 32 ሴንቲሜትር ኩብ ዘይት ይገፋል። በደቂቃ 1,500 ጊዜ ቢዞር 48 ሊትር ይሆናል። ክንዱ በምን ፍጥነት እንደሚነሳ የሚወስነው ይህ ነው። ጉልበቱ ሌላ ሒሳብ አለው። የውስጥ ስፋቱ 100 ሚሊሜትር የሆነ ሲሊንደር በ150 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ወደ 12 ቶን ይገፋል።

አሁን ወደ እርስዎ ትራክተር እንምጣ። ማረሻው ቀስ ብሎም ቢሆን እስከ ላይ ይነሳል ብለዋል። እንግዲህ ሸክሙን ለማንሳት የሚበቃ ግፊት አለ። የጎደለው የዘይቱ መጠን ነው። ፓምፑ ከሚገፋው ዘይት የተወሰነው ሲሊንደሩ ጋ ሳይደርስ፣ ወይም ደርሶ ሳይሠራ፣ በሆነ ቀዳዳ ይመለሳል። ቀዳዳው የት ነው? ሁሉም ነገር ያለው እዚህ ጥያቄ ላይ ነው። ፓምፑ ውስጥ ሊሆን ይችላል። በደንብ የማይዘጋ የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ ሊሆን ይችላል። እጀታው የሚያንቀሳቅሰው ቫልቭ ተበልቶ ሊሆን ይችላል። የሲሊንደሩ ጎሚኒም (ዘይት እንዳያልፍ የሚዘጋው ላስቲክ) ሊሆን ይችላል። ዘይት ሲሞቅ ስለሚቀጥን ከእነዚህ በአንዱ ያለ ክፍተት ጠዋት ተደብቆ ረፋድ ላይ ይገለጣል። «ሲሞቅ ይደክማል» የሚለው ምልክት አራቱንም ያስጠረጥራል። ቴክኒሻኑ ከአራቱ አንዱን መርጧል። ለምን እሱን እንደመረጠ ግን አልነገረዎትም።

ሞተር ሲጠፋ ማረሻው መውረዱ ግን ተጠርጣሪዎቹን ይቀንሳል። ሞተሩ ሲቆም ፓምፑም ይቆማል። በአብዛኞቹ ትራክተሮች ላይ፣ በተለይ የማርሽ ፓምፕ ከሞተሩ ጎን በተገጠመላቸው፣ በፓምፑና በሲሊንደሩ መካከል ዘይት ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚይዝ ቫልቭ አለ። የተነሳውን ማረሻ የሚሸከመው ይህ ቫልቭ፣ የማውረጃው ቫልቭ፣ የሲሊንደሩ መከላከያ ቫልቭና ጎሚኒው ናቸው። ማረሻው እየወረደ ከሆነ ዘይቱ ከእነዚህ በአንዱ እያመለጠ ነው። አዲስ ፓምፕ ቢገጠምም መውረዱ አይቆምም። የተቀደደ ባልዲ ላይ አዲስ ቧንቧ እንደ መግጠም ነው።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት አለ፤ ሳልነግርዎት ባልፍ ቴክኒሻኑን እበድለዋለሁ። በብዙዎቹ የድሮ ማሴ ፈርጉሰን ትራክተሮች ላይ የማንሻው ፓምፕ ውጭ አይታይም። ባለ አራት ፒስቶን ሆኖ ከኋላው የካምቢዮና ዲፈረንሻል ቤት ውስጥ፣ ዘይት ውስጥ ተነክሮ ይቀመጣል። መቆጣጠሪያው ቫልቭም ከፓምፑ ጋር አንድ ላይ ነው። በዚህ ዓይነት ላይ ሞተር ጠፍቶ ማረሻ ከወረደ ፓምፑ ላይ ያሉት ቫልቮችና ቀለበቶች ከጥርጣሬ አይወጡም። ከፓምፑ ወደ ላይ ዘይት የሚያደርሰው ቱቦ ጫፎቹ ላይ ኦሪንግ (ክብ የላስቲክ ማሸጊያ) አለው፤ የሱም መበላት ተመሳሳይ ምልክት ያመጣል። ኦሪንግ ደግሞ ከፓምፑ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ኢምንት ነው። ስለዚህ ቴክኒሻኑን መጀመሪያ የሚጠይቁት፦ «በኔ ትራክተር ላይ ፓምፑ የት ነው ያለው? ማረሻውን ከፍ አድርጎ የሚይዘው ቫልቭስ የት ነው?» ይህን በግልጽ ካስረዳዎት ሥራውን ያውቃል፤ ከዚያ በኋላ የሚለውንም በጥሞና ይስሙት።

አሁን ራስዎ የሚያደርጉትን ልንገርዎት። ከሁሉ በፊት ግን ይህን ይያዙልኝ። ማንም ሰው፣ ለአፍታም ቢሆን፣ በተነሳ ማረሻ ስር አይግባ። ቀስ ብሎ የሚወርድ ማረሻ ድንገት ሊወድቅ ይችላል። የሚያፈስ ቱቦም በእጅ አይዳሰስ። በ150 ባር የሚወጣ የዘይት ፍንጣቂ በዓይን ሳይታይ ቆዳ በስቶ ይገባል። ቁስሉ የመርፌ ጫፍ ያህል ይሆንና ለጊዜው ላያምም ይችላል። እጅ የሚያስቆርጠው ግን እሱ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ከደረሰ «ነገ ይሻለዋል» ሳይባል ወዲያው ሆስፒታል ይኬድ፣ የገባው የሃይድሮሊክ ዘይት መሆኑም ለሐኪሙ ይነገር። ማፍሰሱን ለማየት ካርቶን ያስጠጉ። ማንኛውንም ቱቦ ከመፍታትዎ በፊት ማረሻውን መሬት ያስነኩ፣ ሞተሩን ያጥፉ፣ እጀታዎቹን ወዲህ ወዲያ አድርገው የቀረውን ግፊት ያስወጡ።

መጀመሪያ መውረዱን በሜትር ይለኩት። ጠዋት ዘይቱ ሳይሞቅ ማረሻውን ያንሱና ሞተር ያጥፉ። የክንዱን ጫፍ ከመሬት ያለውን ከፍታ ከጎን ቆመው ይለኩ። ከ10 ደቂቃ በኋላ ይድገሙት። ከሰዓት ሲሞቅም እንዲሁ ያድርጉና ቁጥሮቹን ደብተር ላይ ይጻፉ። «ይወርዳል» ከማለት «ጠዋት ይህን ያህል፣ ከሰዓት ይህን ያህል ወረደ» ማለት ከቴክኒሻኑ ጋር የሚያደርጉትን ንግግር ይቀይረዋል።

ከዚያ ከመቀመጫዎ ስር ወይም ፊት ለፊት የማውረጃ ፍጥነት መቆጣጠሪያ እንዳለ ይፈልጉ። የምትዞር እጀታ ነች። በብዙ ትራክተሮች ላይ እስከ መጨረሻው ስትዘጋ በሲሊንደሩና በመቆጣጠሪያው ቫልቭ መካከል ያለውን መንገድ ትቆልፈዋለች። ማረሻ አንጠልጥለው መንገድ ሲሄዱ የምትዘጋውም ለዚህ ነው። ማረሻውን አንስተው ይዝጓትና ሞተር ያጥፉ። መውረዱ ከቆመ ሲሊንደሩ ጤነኛ ነው፤ ዘይቱ የሚያመልጠው በቫልቮቹ በኩል ነው። ካልቆመ ግን የሲሊንደሩ ጎሚኒ ወይም እዚያው ላይ ያለው መከላከያ ቫልቭ ነው። የሲሊንደር ጎሚኒ ሲያፈስ ውጭ ምንም ላይታይ ይችላል። በብዙ ትራክተሮች ላይ ሲሊንደሩ ከካምቢዮው በላይ ባለው ክዳን ውስጥ ስለሆነ የሚያፈሰው ዘይት ተመልሶ ካምቢዮው ውስጥ ይገባል። «አንድ ጠብታ ውጭ የለም፣ ስለዚህ ፓምፑ ነው» የሚል ሰው ካጋጠመዎት ይህን ያስታውሱት።

ሞተሩ እየሠራም አንድ ነገር ያስተውሉ። ማረሻው ላይ ደርሶ ቆሞ ሳለ ክንዶቹ በየጥቂት ሰከንዱ ትንሽ ወረድ ብለው መልሰው ከፍ ይላሉ? ይህ ዘይት እያመለጠ መቆጣጠሪያው ደግሞ እየተካ መሆኑን ያሳያል። በየስንት ሰከንዱ እንደሆነ ይቁጠሩ። እየሞቀ ሲሄድ ጊዜው ካጠረ ቀዳዳው ከፓምፑ ወዲህ፣ ሸክሙን በሚይዘው ክፍል ውስጥ ለመሆኑ ጥሩ ማስረጃ ነው።

ፓምፑን ለመፈተን የምወደው ዘዴ ገልባጭ ተሳቢ ነው። እርስዎ ባይኖርዎት ጎረቤት አይጠፋም። ትራክተሩ ረፋድ ድረስ ሠርቶ ዘይቱ ከሞቀ በኋላ፣ ማረሻው በሚንቀራፈፍበት ሰዓት፣ የተሳቢውን ቱቦ ከኋላ ካለው የሃይድሮሊክ መውጫ ጋር ያገናኙ። ጭነቱን ሳይቀይሩ አንድ ጊዜ በጠዋት፣ አንድ ጊዜ በሙቅ ዘይት፣ በእኩል የሞተር ዙር ያንሱና በስልክዎ ሰዓት ይያዙ። ሁለቱ ሰዓቶች ከተቀራረቡ ፓምፑ ሲሞቅም ዘይት እየሰጠ ነው፤ ችግሩ ማረሻውን በሚያነሳው ክፍል ብቻ ነው። ተሳቢውም እንደ ማረሻው በጣም ከዘገየ ፓምፑ ወይም ማስተንፈሻው ቫልቭ ላይ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ከዚህ በፊት ግን በመመሪያው ያረጋግጡ፦ አንዳንድ ትራክተሮች ለኋላ መውጫውና ለማንሻው የተለያየ ፓምፕ አላቸው። የእርስዎ እንደዚያ ከሆነ ይህ ፈተና ስለ ማንሻው ፓምፕ ምንም አይነግርዎትም።

መሪው ደህና ነው ማለትዎስ? መጠነኛ መረጃ ነው። ብዙ ትራክተሮች ለመሪው የራሱ ፓምፕ አላቸው። አንድ ፓምፕ የሚጋሩትም ቢሆኑ ዘይቱ መጀመሪያ ለመሪው እንዲደርስ ተደርገው የተሠሩ ናቸው፤ መሪውም ብዙ ዘይት አይፈልግም። ደካማ ፓምፕ መሪውን አጥግቦ ማረሻው ላይ ሊሰንፍ ይችላል። ስለዚህ ይህን ለፓምፑ መከላከያ አድርገው አያቅርቡት።

ፊልትሮው በርካሽ የሚረጋገጥ ስለሆነ ይታይ፤ ዋናው ጥፋተኛ ነው ብዬ ግን አላስብም። ምክንያቱም መሳቢያው መስመር (ዘይት ወደ ፓምፑ የሚገባበት) ሲታፈን ችግሩ የሚብሰው ጠዋት፣ ዘይቱ ወፍራም ሳለ ነው። ፓምፑም ያፏጫል ወይም ጠጠር የሚፈጭ ይመስላል። የእርስዎ ተቃራኒው ነው። በነገራችን ላይ ፓምፕ ዘይቱን ስቦ አያመጣውም፤ ወደ ውስጥ የሚገፋለት የአየር ግፊት ነው። አሰላ አካባቢ ባለው ከፍታ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ያንሳል። ስለዚህ በደጋ አገር ቆሻሻ ፊልትሮና የጎደለ ዘይት ፓምፕን ቶሎ ይጎዳሉ። የፊልትሮ መቀየሪያ ጊዜ እንዳያልፍ የምጨቃጨቀው ለዚህ ነው።

ፊልትሮው ሲወጣ ግን አይጣል። ቆርጠው ይክፈቱትና በነጭ ጨርቅ ላይ ያራግፉት። ማግኔት የሚይዘው ብናኝ ብረት ነው። የነሐስ ቀለም ያለው ብልጭታ ከፓምፕ ውስጥ ሊመጣ ይችላል። ጥቁር የላስቲክ ቁርጥራጭ ከተገኘ የሆነ ጎሚኒ እየተበላ ነው። ይህን ጨርቅ ፎቶ አንስተው ይያዙት።

ስለ ዘይቱም ልጨምር። ትራክተርዎ ማንሻው፣ ካምቢዮውና ፍሬኑ አንድ ዘይት የሚጋሩበት ከሆነ የሞተር ዘይት መጨመር አልነበረበትም። ለዚህ የሚሆነው መመሪያው ላይ የተጻፈው የትራክተር ካምቢዮና ሃይድሮሊክ ዘይት ነው። ፍሬኑ ዘይት ውስጥ ከተነከረ የተሳሳተ ዘይት ፍሬኑን ያንጫጫዋል። የሃይድሮሊክ ዘይቱ በተለየ ታንከር የሆነባቸው እንደ ቤላሩስ ያሉት ደግሞ የሞተር ዘይት የሚፈቅዱበት ጊዜ አለ፤ ስለዚህ ሾፌሩን ከመውቀስዎ በፊት መመሪያውን ያንብቡ። አሁኑኑ ሁሉንም ዘይት ይድፉ አልልም፤ የጋራ ዘይት ያላቸው ትራክተሮች ብዙ አስር ሊትር ይወስዳሉ። በንጹህ የላስቲክ ጠርሙስ ናሙና ይውሰዱና ያሳድሩት። ወተት የመሰለ ከሆነ ወይም ታች ውሃ ከተቀመጠ ውሃ ገብቷል፤ ያኔ መቀየር ግድ ነው። ትራክተሩ እንደቆመ አረፋ ከሞላው አየር የሚስብበት ቦታ አለ ወይም ሊቤሎው (የዘይቱ ልክ) ዝቅ ብሏል።

ይህን ሁሉ ካዩ በኋላ ወደ ሻጩ ይመለሱ። ያዘዘውን ሰው ማስቀየም እንደሚከብድ አውቃለሁ። በአካባቢው ዕቃ የሚያገኙት ከእሱ ብቻ ይሆናል፤ ነገም ትፈላለጋላችሁ። ስለዚህ ጸብ አይፍጠሩ። እንዲህ ይበሉት፦ «ወንድሜ፣ ፓምፑ ሊሆን ይችላል። ግን ብዙ ገንዘብ ነው። ዘይቱ ሞቆ ሳለ በጌጅ ለካልኝና ቁጥሩን ጻፍልኝ። ሞተር ሲጠፋ ለምን እንደሚወርድም አስረዳኝ።» ሥራውን የሚያከብር ቴክኒሻን በዚህ አይቆጣም። ለቴክኒሻኑም ልሟገትለት፦ ብዙዎቹ ጌጅ ሳይሰጣቸው ወደ ገጠር ይላካሉ። በውጭ ምንዛሪ እጥረት የተነሳ የጎሚኒ ስብስብ ጠፍቶ ሙሉ ፓምፕ መደርደሪያ ላይ የሚገኝበት ጊዜም ነበር። ያለውን ዕቃ መግጠም ልማድ ይሆናል። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ወጪው ግን በእርስዎ ላይ ሊወድቅ አይገባም።

መለካቱ እንዴት ይሁን? ቢያንስ እስከ 250 ባር የሚያነብ ጌጅ ይገናኝ። ዘይቱ ሥራ ላይ እንዳለው ይሙቅ። ማስተንፈሻው ቫልቭ እስኪከፍት ድረስ እጀታው ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ይያዝ፤ ከዚያ በላይ ከቆየ ዘይቱን ያቃጥላል። አንዴ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ በዝቅተኛው ዙር)፣ አንዴ መመሪያው በሚለው ዙር ይነበብ። በከፍተኛ ዙር ሙሉ ግፊት ሰጥቶ በሚኒሞ የሚወድቅ ከሆነ ማምለጫ አለ፤ የት እንዳለ ግን ጌጅ ብቻውን አይናገርም። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ግፊቱ ደህና ስለሆነ ፓምፑ ደህና ነው ማለት አይቻልም፤ ግፊቱ ዝቅ ስላለ ፓምፑ ነው ማለትም አይቻልም። ፓምፑን የሚያስፈርድበት ከራሱ መውጫ ላይ የተለካ ፍሰት ነው። የፍሰት መለኪያ ያለው ወርክሾፕ ያለ ሸክምና ከሸክም ጋር በደቂቃ ስንት ሊትር እንደሚወጣ ያነባል። በሙቅ ዘይት፣ በእኩል ዙር፣ ሸክም ሲጨመር ፍሰቱ ሩብ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ ፓምፑ ተበልቷል ብዬ እቀበላለሁ። መመሪያው የራሱ ቁጥር ካለው ግን የሱ ይቀድማል።

ልኬቱ በጽሑፍ ይሰጥዎት፤ ግፊቱ፣ ፍሰቱ፣ ዙሩ፣ የዘይቱ ሙቀት። ከዚያ አንድ ጥያቄ ይጨምሩ፦ «ፓምፑ ተቀይሮ ማረሻው አሁንም ከወረደ የሚቀጥለውን ወጪ ማን ይሸፍናል?» ለዚህ የሚሰጠው መልስ በፍርዱ ላይ ያለውን እምነት ያሳይዎታል። አሮጌውን ፓምፕም እንዲመልስልዎ ከወዲሁ ይስማሙ። ሲፈታ ቤቱ ውስጥ የተፋቀ ቦታ ካለ በዓይን ይታያል።

እኔ ከጻፉልኝ ብቻ ተነስቼ የማስበውን ከጠየቁኝ፦ መጀመሪያ የምጠረጥረው የሲሊንደሩን ጎሚኒ ነው፤ ቀጥሎ የማውረጃውን ቫልቭ። ሁለቱም መውረዱን ያስረዳሉ፤ መንቀራፈፉን ግን ብቻቸውን ላያስረዱ ይችላሉ። ከፓምፕም በጣም ይረክሳሉ። ሁለት ችግር አንድ ላይ ሊኖር እንደሚችልም አልክድም፦ የተበላ ፓምፕና ያረጀ ጎሚኒ። ያም ቢሆን ከጎሚኒው ጀምሮ ማየት ይሻላል።

ልኬቱ ፓምፑን ከፈረደበት ደግሞ ይግዙት፤ ግን ፓምፕ ለምን እንደሞተ ሳይታወቅ አዲስ አይገጠም። ቆሻሻ ከሆነ የገደለው፣ ያው ቆሻሻ መስመሩ ውስጥ አለ። ዘይቱ ይቀየር፣ ፊልትሮው ይቀየር፣ መሳቢያው ይታጠብ። ፓምፑ ውጭ የሚገጠም የማርሽ ፓምፕ ከሆነ በመልክ ብቻ አይግዙ። የሚዞርበት አቅጣጫና በአንድ ዙር የሚገፋው መጠን ከአሮጌው ጋር እኩል ይሁን። አቅጣጫው የተገለበጠ ፓምፕ እንደተነሳ ወዲያው ፓራሊዮውን (በዘንጉ ዙሪያ ዘይት የሚይዘውን ጎሚኒ) ያስተፋል። ከመገጠሙ በፊት ውስጡ ንጹህ ዘይት ይፍሰስበት። መጀመሪያ ያለ ሸክም በሚኒሞ ጥቂት ደቂቃ ይሥራ፣ ክንዶቹ ባዶአቸውን ይነሱ ይውረዱ፣ አረፋው እስኪጠፋ ይጠበቅ፣ ከዚያ ሊቤሎው እንደገና ይታይ። ወደ 50 ሰዓት ሲሠራ ፊልትሮውን አውጥተው እንደገና በነጭ ጨርቅ ላይ ያራግፉት።

የጠዋቱንና የከሰዓቱን ቁጥር፣ የተሳቢውን ሰዓት፣ መቆጣጠሪያዋ ስትዘጋ የሆነውን ከላኩልኝ የትኛው ክፍል እንደሚፈታ ለይቼ ልነግርዎት እችላለሁ። የትራክተሩን ሞዴልም ይጨምሩበት።